ጥፋተኛ የበዛበት መስመር

ሞዙ የወፍ ስም ነው። ያደነችውን እንቁራሪት እሾህ ላይ ሰክታ፣ በኋላ የት እንደሰካችው ትረሳለች እየተባለች የምትታማ ወፍ ናት። አቶ ኢሶዛኪ የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም የፍለጋ ሶፍትዌር ሲጽፉ፣ ከስንቱ ወፍ መርጠው ይህን ስም ለምን እንዳወጡለት የጠየቃቸው የለም። መጠየቅ ስሙ አላማረኝም እንደማለት ነው፤ እሳቸውን ደግሞ ሁላችንም እንወዳቸዋለን።

የሞዙ ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው። የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል፣ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። እኔ ኮድ አልጽፍም፤ የአጠቃቀም መመሪያውን ነው የምጽፈው። ስለዚህ ከመካከላችን ሞዙን አዘግይቶ የማያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ያዘገየሁት መመሪያውን ነው።

ማን እንዳፈጠነ ማን እንዳዘገየ የሚናገረው «ለኪው» የምንለው ኮምፒውተር ነው። የሚኖረው ቶያማ ከተማ አቶ ኢሶዛኪ ቤት፣ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። ጎህ ሲቀድ ማንም ሳያዘው ይነሳል። ትናንት የገቡትን ለውጦች ሰብስቦ ሞዙን እንደ አዲስ ይገነባዋል፤ ከዚያ ያንኑ የድሮ ጋዜጣ ክምር ከፊቱ ቆልሎ እነዚያኑ ጥያቄዎች ይጠይቀዋል። «የሩዝ ዋጋ»፣ «የጠፋች ድመት»፣ «የድልድይ ምርቃት»። መልሱ ምን ያህል እንደቆየ ይለካና ሁላችንም በምናየው ገጽ ላይ አንዲት ነጥብ ይጨምራል። ነጥቦቹ ተያይዘው መስመር ሆነዋል። መስመሩ ሲወጣ ሞዙ ፈጥኗል፣ ሲወርድ ዘግይቷል። ሰው በየቤቱ የለካው ቁጥር አይቆጠርም፤ ማሽን ከማሽን ስለሚለያይ ዳኛው አንድ ለኪው ብቻ ነው።

መስመሩ ድንገት ከወረደ ለኪው ግራፉ ላይ ትንሽ ባንዲራ ይተክላል፤ በዋዜማው ኮድ ላስገቡ ሁሉ ምክንያቱን እንዲጽፉለት በትሕትና ይለምናል። ባንዲራዋ የምትይዘው አንድ ስምና አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ባዶዋን የቀረች ባንዲራ እስከዛሬ የለችም። ሰው ይሽቀዳደማል፤ «ቸኩዬ ነው፣ ይቅርታ»፣ «ልጄ ታሞ ሐሳቤ ተከፋፍሎ ነበር፣ ይቅርታ»። በእርግጥ ለኪው ለውጦቹን አንድ በአንድ እያወጣ ጥፋተኛውን ራሱ ለይቶ ማውጣት ይችላል፤ መመሪያው ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ጽፌለታለሁ። ምዕራፉን የተጠቀመበት የለም። ሰው «እኔ ነኝ» ካለ በኋላ ማጣራት ዋሽተሃል ማለት ነው።

በዚያ ሐምሌ አዲሱ እትም ሊወጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ቀርቶት ነበር። የአውራጃው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ሞዙን ሊወስዱ ተስማምተዋል። ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ሶፍትዌርን እንደ መጋረጃ ነው የሚቀይረው፤ አንዴ ከሰቀለ ካልተቀደደ አያወርደውም። ስለዚህ በማግሥቱ ሳምንት ዓርብ ኮዱ ሲቆለፍ ውስጥ የተገኘ ይገባል፣ ውጪ የቀረ ስንት ዓመት እንደሚጠብቅ እንጃ።

ይህ ከማንም በላይ የሚያሳስባት ሺዮሪ ቶኪዋን ነው። ቀን ቀን አሳንሰር የሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ፕሮግራም ትጽፋለች፤ የቀረውን ጊዜዋን ለሞዙ ትሰጣለች። ሁለት የበረዶ ወራት ሙሉ ቁጭ ብላ፣ የትኛው ቃል በየትኛው ጋዜጣ ላይ እንዳለ የሚያሳየውን ማውጫ በአዲስ መንገድ አጣጥፋ የምታስቀምጥበትን ዘዴ ሠራች። አባቷ ከእነዚያ ቤተ መጻሕፍት በአንዱ መስኮት ላይ የሚያገለግሉ ናቸው። አንባቢ መጽሐፍ ሲጠይቃቸው ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ትዞራለች፤ እሷ እስክትቆም አንባቢውን ይቅርታ ይጠይቃሉ። በመጪው የጸደይ ወራት ጡረታ ይወጣሉ። ሺዮሪ የምትፈልገው ከዚያ በፊት ያቺ ክብ እንድትቆም ነው። ቤቷ ስትለካው ሞዙ በአዲሱ ዘዴ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ፈጥኗል። ይህን የማውቀው መመሪያው ላይ አንድ አንቀጽ እንድጨምርላት ስለጠየቀችኝ ነው፤ ለሌላ ሰው አልተናገረችም፤ የቤት ቁጥር አይቆጠርም።

ሰኞ ዕለት ለውጧን አስገባች። በዚያው ቀን ሁለት ሰዎች ሌላ ለውጥ አስገቡ። አንዱ ሴንዳይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር የሚያስተምረው አንዛይ ነው፤ ሞዙ ከኮምፒውተሩ የማስታወሻ (ሜሞሪ) ቦታ የሚጠይቅበትን መንገድ ትንሽ ነካ አደረገ። ሌላው ወዳጄ ኩሜ ነው። ኩሜ ካናዛዋ ውስጥ መድኃኒት ቤት አለው። እንደ መድኃኒት ጠርሙሶቹ ሁሉ የኮዱም ረድፎች በአንድ ልክ ተሰልፈው ካላያቸው ምግብ አይበላለትም። ለዓመታት ያበረከተው ይኸው ነው፤ ጠመም ያለውን ረድፍ በባዶ ቦታ ገፋ አድርጎ ያቃናል። ማሽን ባዶ ቦታን ከቁም ነገር አይቆጥርም፤ ለሰው ዓይን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት መስመሩ ከመቶ አሥራ ሁለት እጅ ወረደ።

ቁርስ ሳይደርስ ሦስት ይቅርታ ገባ። ባንዲራዋ የምትይዘው አንድ ስም ስለሆነ አቶ ኢሶዛኪ በስክሪን ስብሰባ ጠሩ። ሦስቱም ጥፋቱ የራሳቸው እንደሆነ ረዘም አድርገው አስረዱ፤ አንዛይ በሥዕል ጭምር። ከዚያ ስም ላይ «ሳን» እያሉ፣ በአክብሮት ጥፋቱን መነጣጠቅ መጣ።

«ኩሜ ሳን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ የነኩት ባዶ ቦታ ነው» አለ አንዛይ። «ማሽኑ አያየውም።»

«እንደማያየው በምን እናውቃለን?»

«ይሄንኑ ነዋ የማስተምረው።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የእርስዎ ነው ቢባል ተማሪዎችዎ ይስቁብዎታል። ለእኔ ይተዉልኝ። የእኔ ደንበኞች የሳል መድኃኒት እስካላጡ ድረስ ግድ የላቸውም።»

በዚህ መካከል ሺዮሪ ገባች። «ትልቁን ለውጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ላውጣው» አለች። ድምፅዋ ላይ ምንም አልነበረም፤ እንዲያ ምንም እንዳይኖረው ብዙ እንደለፋች ያስታውቃል።

አቶ ኢሶዛኪ የጭንቅላታቸው አናት ብቻ እስኪታየን ድረስ ጎንበስ አሉ። ባንዲራዋ ላይ የሺዮሪ ስም ተጻፈ፤ ትልቁን ለውጥ ያስገባ ትልቁን ይቅርታ ይውሰድ ተባለ። ሌሎቹ እንዳይከፋቸው ግን ሦስቱም ለውጦች እኩል ይውጡ ተባለ። ወጡ።

በማግሥቱ መስመሩ ከወለሉም ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር።

እንግዲህ ሌላ ማኅበር ቢሆን «ሰዎቹ ንጹሕ ናቸው» ይል ይሆናል። እኛ ዘንድ እሑድ ዕለት ኮድ ያስገቡት ሰዎች ይቅርታ ጠየቁ። የእነሱም ለውጥ ወጣ፤ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። የቅዳሜዎቹ ቀጠሉ። ሳምንቱ ሳያልቅ ሞዙ በሚያዝያ ወደነበረው ኮድ ተመልሶ ነበር። ማኅበሩን ከለቀቀ የቆየ አንድ ሰው ከሆካይዶ ጽፎ፣ ያኔ በወጣትነቱ ያስገባው ነገር ቆይቶ ጎድቶን ከሆነ ይቅር እንድንለው ለመነን።

አቶ ኢሶዛኪ መመሪያውን ከስክሪን ላይ አያነቡም፤ አሳትሜ በእጄ ይዤላቸው መሄድ አለብኝ። ቅዳሜ ሄድኩ። ዝናቡ አብቅቶ ሙቀቱ መግባቱ ነበር። ሁልጊዜ የምንቀመጠው ለኪው ባለባት ክፍል ነው። የዚያን ቀን ግን ለኪው በነበረበት ቦታ ፍራሽ ተነጥፎ፣ ፍራሹ ላይ የአቶ ኢሶዛኪ አማት ተቀምጠው በቴሌቪዥን የሱሞ ትግል ያያሉ። የቤታቸው ጣሪያ እስኪጠገን ሰኞ ማታ ልጃቸው ዘንድ መምጣታቸው ነው። ከበስተኋላቸው ፍራሽና ብርድ ልብስ የሚታጨቅበት የግድግዳ ቁምሳጥን አለ። ተንሸራታች በሩ ግጥም ብሎ ተዘግቷል፤ ከውስጥ አንድ ነገር እንደታፈነ ንብ እምም ይላል።

ሁለታችንም ሰማነው። አቶ ኢሶዛኪ ቀዝቃዛ የገብስ ሻይ ቀዱልኝ።

«ዘንድሮ ሙቀቱ ከባድ ነው» አሉ።

«ከባድ ነው» አልኩ።

ከዚያ ወደ ሦስተኛው ምዕራፍ ገባን።

ኮምፒውተር ሲታፈን ራሱን ላለማቃጠል ዝግ ብሎ ይሠራል። ይህን ከመካከላችን የማያውቅ የለም፤ አቶ ኢሶዛኪማ አስተማሪያችን ናቸው። አንድ ሰው ቢጠይቃቸው ኖሮ ያኔውኑ ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ ደፍተው ጥፋቱ የኔ ነው ይሉ ነበር። ግን ማን ይጠይቃል? ለኪው ያለው እሳቸው ቤት ነው። ለኪው ምን ሆነ ማለት ቤትዎ ምን ሆነ ማለት ነው፤ ቀጥሎም አማትዎ ለምን መጡ ማለት ይሆናል። ሳይጠየቁ እንዳይናገሩ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው «እኔ ነኝ» ብሎ ጨርሷል። ይቅርታ እንደ ስጦታ ነው፤ ከተቀበሉት በኋላ አያስፈልገኝም ነበር አይባልም። ስለዚህ እሳቸው እንድንጠይቃቸው፣ እኛ እንዲነግሩን እየጠበቅን፣ ሞዙ ወደ መጋቢት እያዘገመ ነበር።

ለሺዮሪ ደወልኩ። ስለ አንቀጹ አንዳንድ ነገር ካወራን በኋላ የአቶ ኢሶዛኪ አማት መምጣታቸውን ነገርኳት።

«የት ነው የሚተኙት?» አለች።

«ጓሮ በኩል ባለችው ክፍል።»

«ኡኖኪ ሳን፣ አመሰግናለሁ» አለችና ዘጋች።

ጊዜው የበጋ ስጦታ የሚላክበት ነው። ሰው ሁሉ ለባለውለታው ቢራ፣ ቀጭን ኑድል፣ የፍራፍሬ ጄሊ ይልካል። ሺዮሪ ለአቶ ኢሶዛኪ ቬንትሌተር ላከች። ካርዱ ላይ ሙቀቱ ስለበረታ ጤናዎን ይጠብቁ ብላ ጻፈች። ከዚህ በላይ መናገር ብልግና ነው፤ ይህም ራሱ ጠርዙ ላይ ነበር።

የታረሙትን ገጾች ይዤ ማክሰኞ ብመለስ ቬንትሌተሩ ደርሷል። ግሩም ዕቃ ነው፤ ድምፅ የለው፣ ክንፉ ሰፊ። አማትየው ፊት ለፊት ቆሞ ነጭ ፀጉራቸውን ያርገበግባል። ቁምሳጥኑ እንደተዘጋ ነው። አቶ ኢሶዛኪ ዓይኔ የት እንደሄደ አዩ።

«ቶኪዋ ሳን ደግ ልጅ ናት» አሉ። «እንዲህ ያለ ስጦታ ግን ቁምሳጥን ውስጥ አይደረግም።»

ቁምሳጥን የሚለው ቃል በመካከላችን ሲነሳ ያ የመጀመሪያው ነው። የመልስ ስጦታም ልከውላት ነበር፤ የሐብሐብ ጄሊ። ሺዮሪ አንድ ሣጥን ጄሊ ፊቷ አስቀምጣ እንደተሸነፈች ገባት። ኮዱ ሊቆለፍ የቀረው ጥቂት ቀን ነው። በስልክ ስታወራኝ እየበላች ነበር፤ ጣፋጭ ነው አለችኝ፣ የሰው ድምፅ እንዲያ ከፍቶት አልሰማሁም።

ሐሙስ ጠዋት መስመሩ ተነሳ። የወረደውን ሁሉ መልሶ ወጣ።

የሆነውን በኋላ ከአቶ ኢሶዛኪ ባለቤት ሰማሁ። አማትየው ነፋሱ ጉልበቴን ገባኝ ብለው ቬንትሌተሩን ወደ ግድግዳው አዞሩት፤ ደርበው ለመተኛት ብርድ ልብስ ሲያወጡም የቁምሳጥኑን በር ሳይመልሱት ተዉት፤ ነፋሱ ሌሊቱን ለኪው ላይ ሲነፍስ አደረ። ያን ጊዜ ግን ማንም ይህን አያውቅም። ለኪው እንደ ልማዱ በዋዜማው ምን እንደገባ አየ። ረቡዕ ዕለት የገባው አንድ ለውጥ ብቻ ነው። ኩሜ ነው ያስገባው። ለውጦቹ ሁሉ ሲወጡ እሱ ያቃናው ረድፍ ተመልሶ ጠሞ ነበርና፣ አላስችል ብሎት እንደገና አቃንቶታል።

ኩሜ በአንድ ጠዋት ጀግና ሆነ። ያው ረድፍ ሰኞ ሲቃና ማዘግየቱ፣ ረቡዕ ሲቃና ማፍጠኑ ማንንም አላስጨነቀም፤ የመጀመሪያው ጊዜ ሙከራ ነበር ተባለ። አንዛይ ባዶ ቦታ በፍጥነት ላይ ያለውን ተጽዕኖ ለጥናት እንደሚያስበው ጻፈ። ቁም ነገሩን ነው ወይስ እየቀለደ፣ እስካሁን አላወቅሁም።

መስመሩ ተነሳ እንጂ የሺዮሪ ሥራ ውጪ እንደቀረ ነው። እንዲመለስ አንድ ሰው «ጥፋተኛ አልነበረም» ማለት አለበት፤ ባንዲራዋ ላይ ግን ስሟ ከነይቅርታዋ ተጽፏል። የራሷን ይቅርታ እሷ ልታፈርሰው አትችልም፤ የተቀበሏትም ሰዎች አይችሉም። መቆለፊያው ነገ ነው።

ኩሜ ከካናዛዋ በባቡር መጣ። እኩለ ቀን ላይ ሦስታችን ቶያማ ጣቢያ ውስጥ፣ ሰው ቆሞ የሚበላበት ኑድል ቤት ተገናኘን። ኩሜ አይበላም አይተውም፤ ሳህኑን ትክ ብሎ ያያል።

«ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለህ ይለኛል» አለኝ። «እናቴ ሳትቀር ደወለችልኝ። ማን ነገራት?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ሰው አይደለህም።»

ከዚያ ወደ ሺዮሪ ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዛሬ እሱ የሚያስገባውን ለውጥ የሚመረምር እንደሌለ፣ ሥራዋን እንዳለ ወስዶ በራሱ ስም፣ «ረድፍ ማቃናት» ብሎ ሊያስገባው እንደሚችል ተናገረ። ስሟ እንደማይኖርበትም ተናገረ፤ ይህን ሲል ኑድሉን ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ነበር።

ሺዮሪ ሳህኗን ወደ ጎን ገፋ አደረገች። «አባቴ የማንንም ስም አያነብም» አለች። «የሚያየው ክቧን ነው። ያስገቡት።»

«አንድ ችግር አለ» አለ ኩሜ። «ረድፍ ማቃናት ብዬ ከጻፍኩ በእውነት አንድ ረድፍ ማቃናት አለብኝ። አለበለዚያ ውሸት ነው።»

«የእኔ ኮድ ውስጥ የጠመመ ረድፍ አለ እንዴ?»

ኩሜ ቀላ። «አንድ አለ። ካስገቡት ሰኞ ጀምሮ አይቼዋለሁ። ለመናገር አልደፈርኩም።»

ሺዮሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ የኑድል ሻጯ ዞር ብላ እስክታየን ድረስ።

ለውጡ ያን ዕለት ከሰዓት ገባ። ማጽደቅ የአቶ ኢሶዛኪ ሥራ ነው። የኩሜን ረድፍ ሌላ ጊዜ ሻይ እስኪፈላ ያጸድቁታል። ይህኛውን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ያዙት። ኩሜ መድኃኒት ቤቱን ዘግቶ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። ወደ ማምሻው መልስ መጣ፦ «እያንዳንዱን መስመር አነበብኩ። በከፍተኛ ጥንቃቄ የተደረገ ረድፍ ማቃናት ነው። ተቀብያለሁ፤ አመሰግናለሁ።» እንዲያ ሲጽፉ ምን እንደሚያውቁ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ዓርብ ጠዋት፣ ኮዱ ከመቆለፉ በፊት፣ መስመሩ ዘጠኝ እጅ ሌላ ተነሳ። እንዲያ ከፍ ብሎ አያውቅም። ለኪው መውረድ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለ ታይቶ የማይታወቅ ከፍታም ሲያይ ባንዲራ ይተክላል፤ ኩሜንም ምክንያቱን እንዲጽፍ በትሕትና ለመነው። ኩሜ ግማሽ ቀን ተጨነቀ። መዋሸት አይችልም፤ እውነቱንም መጻፍ አይችልም። በመጨረሻ የጻፈው አሁንም ግራፉ ላይ አለ፤ የፈለገ ያየዋል፦ «ቶኪዋ ሳን በጻፉት ውስጥ አንድ ረድፍ አቃንቻለሁ።»

አዲሱ እትም ወጣ፤ ቤተ መጻሕፍቱም መጋረጃቸውን ሰቀሉ። በመጸው በተደረገው ድግስ ላይ አቶ ኢሶዛኪ ቆመው፣ ሞዙ ሃያ ዓመት ሙሉ ያጣው ፍጥነት ሳይሆን ሥርዓት እንደነበር ተናገሩ። ሁላችን አጨበጨብን፤ ኩሜ ጠረጴዛው ሥር ሊገባ ምንም አልቀረው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሺዮሪ ቢራ ቀዳችለት። አባቷን ጠየቅኋት።

እሳቸው ማን እንደሠራው አያውቁም፤ አልነገረቻቸውም። ክቧ ግን ቆማለች። መጀመሪያ ሰሞን ማሽኑ የተበላሸ መስሏቸው ነበር፤ ጽፈው ሳይጨርሱ መልሱ ይመጣል። ስለ ድመት የሚጻፉ መጻሕፍት የምትወስድ አንዲት አሮጊት ነበረች አሉ። ክቧ ስትዞር ስለ ወገቧ ሕመም ታወራቸው ነበር፤ እሳቸውም ይቅርታ እየጠየቁ ያዳምጡ ነበር። አሁን ወረቀቷን ትቀበልና ትሄዳለች።

«ታዲያ ደስ አላቸው?» አልኳት።

«ወገቧ እንዴት እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋል» አለች ሺዮሪ። «ግን እንዴት ብሎ ይጠይቃል?»